ከልምምድ መልስ በስልክ የተሰናበተው አሠልጣኝ

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ምናልባት በሌሊት ነው። ዕቃው ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ስልክሽን ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ጋደም ባልሽበት ሰዓት። ስለዚህ መግቢያ አላበዛብሽም። ዛሬ የማወራሽ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትዝጊው! ጨዋታውን ባታዪውም ማሊያውን ታውቂዋለሽ፤ የቤቱ ልጆች ሲለብሱት አይተሻል፣ አጥበሽዋል፣ ተኩሰሽዋል። ደግሞም ነገሬ ስለ ኳሱ አይደለም። አንድ ሰው ከሥራው እንዴት እንደተሰናበተ ልነግርሽ ነው።

ሰውየው ማይክ ብራውን ይባላል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ ኪንግስ ዋና አሠልጣኝ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 26 ቀን 2024 ማታ ቡድኑ በገዛ ሜዳው በዲትሮይት ፒስተንስ 114 ለ 113 ተሸነፈ። ድሉ እጃቸው ገብቶ ነበር። ሦስት ነጥብ እየመሩ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ የቡድኑ ኮከብ ዲአሮን ፎክስ ከሩቅ በሚወረውር ተጫዋች ላይ ጥፋት ሠራ። ኳሱም ገባ፣ የቅጣት ምቱም ገባ። አለቀ። ለኪንግስ ተከታታይ አምስተኛ ሽንፈት ሆነ።

በማግስቱ ብራውን እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ልምምድ አሠራ። ከልምምድ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ጥያቄ መለሰ። ቡድኑ ለሚቀጥለው ጨዋታ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበርበት ቀን ስለነበር መኪናውን አስነስቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ጀመረ። ስልኩ ጠራ። ተሰናብተሃል ተባለ።

ይህን ሳነብ የራሴ ቀን ትዝ አለኝ። እዚሁ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ ይቅር፣ ሁለት ልጆች የማሳድግበት ቤት ነበርኩ። ጠዋት ቁርስ ሠራሁ። የልጆቹን ዩኒፎርም ተኮስኩ። ትንሿን ጸጉሯን ጎንጉኜ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋት። ምሳ ጣድኩ። ሩዙ ሊበስል ሲል ሹፌሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቴን አላየም። «ሻንጣሽን ያዢ፣ መክተብ እንሄዳለን» አለኝ። ማዳም ፎቅ ላይ ነበረች፤ አልወረደችም። እሳቱን እኔ ነኝ አጥፍቼ የወጣሁት። እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አይምሰልሽ፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን እንደነገሯት አለማወቄ ነው።

ወደ ብራውን ልመለስ። የእሱን ስንብት መነጋገሪያ ያደረገው መሰናበቱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሥራ መባረር የተለመደ ነው፤ አሠልጣኞች ራሳቸው ሲቀጠሩም ያውቁታል። የዚያ ዓመት ውጤቱም 13 ድልና 18 ሽንፈት ስለነበር ጥሩ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ሰው የተቆጣው በሌላ ነው። ይህ ሰው በ2022 ቡድኑን ሲረከብ ኪንግስ ለ16 ተከታታይ የውድድር ዘመን ወደ ጥሎ ማለፉ አልደረሱም ነበር። በኤንቢኤ ታሪክ ከዚያ የረዘመ ድርቅ የለም። እሱ በመጀመሪያ ዓመቱ 48 ጨዋታ አሸንፎ አስገባቸው። የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ሲባል መራጮቹ በሙሉ ድምፃቸውን ለእሱ ሰጡ፤ በሽልማቱ ታሪክ እንዲህ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው እሱ ነው። በጁን 2024 ደግሞ ውሉን አራዘሙለት። ከስድስት ወር በኋላ በመኪናው ውስጥ ስልክ ተደወለለት።

አብሮት ከተቆጡት መካከል አንዱ በዚያን ጊዜ የዴንቨር ናጌትስ አሠልጣኝ የነበረው ማይክል ማሎን ነው። በአፉ ሽንጉርት አላስቀረም፤ እዚህ የማልደግመውን ቃል ጨምሮ ክለቡን ክብር የለሽ አለው። ያበሳጨው ሽንፈቱ ወይም ስንብቱ እንዳልሆነ ተናገረ። ጠዋት ልምምድ አሠርተውት፣ ጋዜጠኞች ፊት አቁመውት፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ መደወላቸው ነው። አልገረመኝም ሲልም አከለበት፤ ምክንያቱም እሱንም ያባረረው ያው ሰው ነበር።

ያው ሰው ማነው? የቡድኑ ባለቤት ቪቬክ ራናዲቬ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ለእኛ ለስደተኞች ይገባናልና። ራናዲቬ ሙምባይ ተወልዶ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። በኮምፒውተር ሶፍትዌር ሥራ ሀብታም ሆነ። በ2013 ኪንግስን የገዛውን ቡድን ሲመራ፣ ከኤንቢኤ ባለቤቶች መካከል የመጀመሪያው ህንድ የተወለደ ሰው ሆነ። የሰው አገር ገብቶ ከታች መጀመር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔም አስቤ ነበር። ግን አንቺም እኔም ቀድማን የመጣች የአገራችን ልጅ የቤቱ «አለቃ» ስትሆን እንዴት እንደምትለወጥ አይተናል። መሰደድ በራሱ ሰውን ርኅሩኅ አያደርግም።

ራናዲቬ ቡድኑን እንደገዛ በመጀመሪያ ከቀጠራቸው ሰዎች አንዱ ማሎን ነበር። እንዲያውም ሥራ አስኪያጅ ከመቅጠሩ በፊት አሠልጣኝ ቀጠረ ተብሎ ያን ጊዜም ተወርቶበታል። በሁለተኛው ዓመት፣ በዲሴምበር 2014፣ 24 ጨዋታ ብቻ እንደተደረገ ማሎን ተባረረ። ውጤቱ 11 ድልና 13 ሽንፈት። ልብ በይ፤ በዚያ ሰሞን የቡድኑ ዋና ተጫዋች ዲማርከስ ከዝንስ በማጅራት ገትር ታሞ ከሜዳ ርቆ ነበር። ዋናው ሰው አልጋ ላይ ሳለ የተቆጠረ ሽንፈት በአሠልጣኙ ሂሳብ ተጻፈ። ከዝንስ ራሱ በነገሩ ቅር መሰኘቱን አልደበቀም።

ከዚያ በኋላ ማን መጣ? ታይሮን ኮርቢን፣ ጆርጅ ካርል፣ ዴቭ የርገር፣ ሉክ ዋልተን፣ አልቪን ጄንትሪ፣ ማይክ ብራውን፣ አሁን ደግሞ ደግ ክሪስቲ። ከማሎን ጋር ስትቆጥሪያቸው፣ ጊዜያዊዎቹን ጨምሮ፣ ስምንት ናቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት አሠልጣኝ!

ይህን ቁጥር ወደ እኛ ሥራ አምጪው። መክተብ ተቀምጠሽ አንድ ቤተሰብ ሊያይሽ መጣ እንበል። ማዳም ስለ ቀድሞዋ ሠራተኛ ታወራለች፤ ሰነፍ ነበረች፣ ስልክ ታበዛለች፣ ልብሱን አቃጠለችው። ትሰሚያለሽ። ምናልባትም እውነት ነው። ግን ከእሷ በፊት ስለነበረችውም እንዲሁ ካለች፣ ከዚያም በፊት ስለነበረችው እንዲሁ ካለች፣ ወሬው ስለ ሠራተኞቹ መሆኑ ቀርቷል። ስለ ቤቱ እየነገረችሽ ነው፤ እሷ ግን አላወቀችም። ስለዚህ ከደመወዙና ከእረፍት ቀኑ ጋር ይህንንም ጠይቂ፤ «ከእኔ በፊት ስንት ሰው ሠራ? ስንት ጊዜ ቆየች?» ጥያቄው ድፍረት አይደለም። የአገርሽ ልጅ መክተቡ ውስጥ ካለች ደግሞ እሷን ጠይቂያት፤ ሹፌሩንም ጠይቂው። ሹፌር የማያውቀው ነገር የለም።

አንድ ሌላ ነገር። ለብራውን የደወለው ባለቤቱ አልነበረም፤ የዕለት ሥራውን የሚመራውና ዜናውን ያወጣው ዋና ሥራ አስኪያጁ ሞንቴ ማክኔር ነው። ማሎን ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ ላይ ነው። እኔን ያስወጣኝ ሹፌሩ እንዳልሆነ ሁሉ። ያን ቀን በሹፌሩ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ለወራት ስሙን በክፉ አነሳሁት። አሁን ሳስበው እሱም እንጀራው እዚያው ቤት ነው። የሚገርምሽ፣ ማክኔርም የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ ከሥራው ለቀቀ።

እሺ፣ አሁን የሚከራከረኝን ሰው ልስማው። «ቡድኑ የእሱ ነው፣ ገንዘቡ የእሱ ነው፤ የፈለገውን ይቀጥራል፣ ያልፈለገውን ያሰናብታል።» ልክ ነው። እኔም አልቃወምም። አንድን ሰው ያለፍላጎቱ ሠራተኛ ይዞ እንዲኖር ማስገደድ አይቻልም፤ አንቺንም ያለፍላጎትሽ ቤት ውስጥ ሊያስቀምጡሽ እንደማይገባ ሁሉ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ስንብቱ አንዳንዴ ይሠራል። ከብራውን ቀጥሎ የገባው ክሪስቲ የቀሩትን ጨዋታዎች 27 አሸንፎ 24 ተሸነፈ፤ ከበፊቱ ይሻላል። መጨረሻው ግን ያው ሆነ፤ ወደ ጥሎ ማለፉ ለመግባት በሚደረገው የማጣሪያ ጨዋታ በሜዳቸው በዳላስ ተሸንፈው ወጡ። በዚያ መካከል ኮከቡ ፎክስም ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄዶ ነበር።

ማሎንስ? ለጓደኛው በተቆጣ በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ተራው የእሱ ሆነ። ኤፕሪል 8 ቀን 2025፣ መደበኛው ውድድር ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው፣ ዴንቨር አሰናበተው። አሥር የውድድር ዘመን እዚያ ሠርቷል። በክለቡ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ አሠልጣኝ እሱ ነው። በ2023 የመጀመሪያውን የኤንቢኤ ዋንጫ ያመጣላቸውም እሱ ነው። በዚያን ቀን እንኳ ውጤታቸው 47 ድልና 32 ሽንፈት ነበር፤ የቅርቦቹን አራት ጨዋታዎች ተሸንፈው ነበር እንጂ። የባለቤቶቹ ልጅና የክለቡ ኃላፊ ጆሽ ክሮንኪ ውሳኔው ቀላል እንዳልነበረ፣ ለዋንጫ የተሻለ ዕድል ለማግኘት እንዳደረጉት በመግለጫ አሳወቀ። ትልቁ ተጫዋች ኒኮላ ዮኪች ቀደም ብሎ ተነግሮት ነበር፤ ግን ያማከሩት አልነበረም፣ ያለቀ ውሳኔ ነው የነገሩት።

ከጀርባው የነበረው ጠብ በብዙ ቦታ ተዘግቧል። ማሎንና ዋና ሥራ አስኪያጁ ካልቪን ቡዝ አልተስማሙም። ቡዝ እሱ የመረጣቸው ወጣቶች እንዲጫወቱ ይፈልጋል፤ ማሎን ልምድ ያላቸውን ያምናል። እህቴ፣ ይህን ቤት አታውቂውም? ማዳም «ወለሉን በክሎሪን እጠቢ» ትላለች፤ እናቷ «ክሎሪን አልወድም» ይላሉ። ማዳም «ልጁ ሰባት ሰዓት ይተኛ» ትላለች፤ ባባ መጥቶ ይቀሰቅሰዋል። ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አንቺ ግን ለሁለቱም ትመልሻለሽ። በዴንቨር ቢያንስ አንድ ፍትሕ ነበር፤ ቡዝም በዚያኑ ቀን ወጣ። በእኛ ሥራ ማዳምና አማቷ ሲጣሉ የምትወጣው አንድ ሰው ብቻ ናት።

ምክትሉ ዴቪድ አደልማን ቀሪዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፈ። ክሊፐርስን በሰባት ጨዋታ ጥለው አለፉ፣ ከዚያም በኋላ ሻምፒዮን በሆነው በኦክላሆማ ሲቲ በሰባተኛው ጨዋታ ወደቁ። አደልማንም ቋሚ አሠልጣኝ ተባለ። ስለዚህ ክሮንኪ ተሳስቷል ብዬ አፌን ሞልቼ ልነግርሽ አልችልም። እኔ የምለው ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም፣ ሰውን በምሳ ሰዓት ከጋለ ምጣድ ላይ ማንሳት ትክክል አይሆንም ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ ባለቤቶች ግን ሆን ብለው ይቀላቅሏቸዋል። «ማሰናበት መብቴ ነው» ሲሉ፣ እንደፈለጉ ማሰናበትም መብታቸው የሆነ ይመስላቸዋል።

ገንዘቡን ደግሞ እንየው። ብራውን ሲወጣ እስከ 2026–27 የሚዘልቅ ውል ነበረው። በዚያ ሥራ የአሠልጣኝ ውል በአብዛኛው ዋስትና ያለው ነው፤ ክለቡ ቢያሰናብተውም የቀረውን ይከፍለዋል። ስለዚህ ክብሩን ነኩት እንጂ ኪሱን አልነኩትም። እኔ ከዚያ ቤት ስወጣ የ19 ቀን ደመወዜ እዚያው ቀረ። ክብሬም ኪሴም። «ነገ እንልካለን» ተባለ፤ ነገ እስካሁን አልመጣም።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን አንቺ እወቂ። ኩዌት ውስጥ ከሆንሽ፣ በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ ውልሽ ሲያልቅ ለሠራሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጥሻል። ኳታር ከሆንሽ፣ የ2017 ሕግ ቁጥር 15 ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይላል። ሳዑዲ ውስጥ አራት ተከታታይ ዓመት ለሠራች የአንድ ወር ደመወዝ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ያንቺ ነው። ኤሚሬትስ ውስጥ ደግሞ የ2022 ሕግ ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን ሌላ ሰው እንዳይዝብሽ ይከለክላል። ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፣ ቤቱ ሌላ ነው ትዪኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን ወረቀቱ የተጻፈው ለአንቺም ነው፤ መኖሩን የማታውቂውን ነገር ደግሞ መጠየቅ አትችዪም። ደመወዝሽን በተቀበልሽ ቁጥር ቀኑንና መጠኑን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ የውልሽን ፎቶ አንስተሽ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። «ሂሳቤን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ሲሰጡሽ ገንዘቡ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ። ቋንቋውን ካላነበብሽው ደግሞ ጨርሶ አትፈርሚ።

አሁን የማትወጂውን ነገር ልናገር። እኛም እንደውላለን። ይኸውም፣ እኛም በስልክ እንኳ ሳንደውል የምንወጣበት ቀን አለ። ከዱላ፣ ከረሃብ፣ ከክፉ እጅ ያመለጠችውን አልልም፤ እሷ ነፍሷን ያዳነች ናት። ወር በወር ደመወዟን የሚከለክሏትንም አልልም። የምለው ስለ ሌላዋ ነው፤ ጥሩ ቤት ውስጥ ሆና ሌላ ቦታ ትንሽ ጭማሪ ሰምታ፣ ጠዋት ሕፃኑ ሲነቃ አልጋዋ ባዶ የሆነችው። ለዚያ ሕፃን እናት ያ ጠዋት የብራውን ስልክ ነው። ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ። ብራውን ላይ ከተደረገው የምናዝን ከሆነ በሁለቱም በኩል እንዘን።

ተባራ መጣች መባልን የምትፈሪ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሚ። ኦክቶበር 2024 ላይ ዴንቨርና ቦስተን አቡ ዳቢ መጥተው፣ ያስ ደሴት ላይ ባለው ኢትሃድ አሬና ሁለት ጨዋታ ተጫውተዋል። በዴንቨር በኩል የቆመው አሠልጣኝ ማሎን ነበር፤ ራናዲቬ ከአሥር ዓመት በፊት 24 ጨዋታ አይቶ ያባረረው፣ ከዚያ በኋላ ዋንጫ ያነሳው ሰው። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 2025፣ ኒውዮርክ ኒክስና ፊላደልፊያ እዚያው አዳራሽ መጡ። በኒክስ በኩል የቆመው ማይክ ብራውን ነበር። አዎ፣ መኪና ውስጥ የተደወለለት። ቦታውን ያገኘው ኒክስ ደግሞ በበኩላቸው ቶም ቲቦዶን ስላሰናበቱ ነው፤ እሱም ቡድኑን ከ25 ዓመት በኋላ ለምሥራቁ ፍጻሜ ባበቃ ማግስት። የአንዱ መውጫ ለሌላው መግቢያ ይሆናል፤ የገባውም ይህን እያወቀ ነው የሚገባው።

እኔ ከመክተቡ የወጣሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንዲት ሴት መጣች፤ አስተማሪ ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ሦስት ልጆች አሏት። ከፊቴ ቁጭ አለችና በቀጥታ ጠየቀችኝ፤ «ለምን አባረሩሽ?» አልዋሸሁም። «አላውቅም። ምሳ እያበሰልኩ ነበር» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ከአንቺ በፊት ስንት ሠራተኛ ነበራቸው?» አለች። በጣቶቼ ቆጠርኩ። ልጆቹ ስማቸውን ይጠሩ ስለነበር አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ፊሊፒናውያን፣ አንዲት ኬንያዊት፣ አንዲት የጎጃም ልጅ። እኔ በሦስት ዓመት አምስተኛዋ ነበርኩ። ሴትየዋ ሳቀችና ወደ መክተቡ ሰውዬ ዞረች። «ወረቀቷን አዘጋጅ፣ እወስዳታለሁ» አለችው። እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሠራሁ።